ለሁመድ የሰጠሁት ወሬ

ፀጉሬን የምስተካከልበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የትኛው ሱቅ እንዳሳተመው አላውቅም፤ በየወሩ ገጽ ላይ የተለያየ አገር ፎቶ አለበት። ባለፈው ሳምንት ስገባ ገጹ ተገልብጦ ባሕር ወጥቶ ነበር፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ዳር ላይ ሁለት ዘንባባ። ፀጉር አስተካካያችን ካላወራ መቀሱ የሚቆርጥለት አይመስለውም። «መምህር፣ ባሕር አይተው ያውቃሉ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ለምን እንደዋሸሁት እንጃ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ባሕር አላየሁም ሲል ያሳፍራል፤ እሱም ሳያዝንልኝ አልቀረም፣ ሥራውን አቁሞ ስልኩን አወጣና የባሕር ቪዲዮ ያሳየኝ ጀመር።

ባሕርማ አይቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ዳር ዳሩን ዞሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ፎቶውን እንኳ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ገና ክፍት በነበረበት ዘመን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤት እየጠበቅሁ፣ ከሚሴ ላይ የሰው በረንዳ ሳሞቅ የምውል ጎረምሳ ነበርኩ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ኢብራሂም፣ እኔና ታናሽ እህቴ ዘይነብ ቀርተናል። ኢብራሂምን ኢብሬ ነው የምንለው። በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ አሰብ ወርዶ፣ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ ነበር። እኔ የተማርኩት እሱ በተሸከመው ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት መውጫ ላይ እናቴ ታመመች። ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር አብጦ እህል እምቢ አላት። ደሴ ወስደን አሳየናት፤ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ ቤቷ ሆና ትረፍ አለኝ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ፣ በጨፋ ማሽላው እሸት ይዞ የወፍ ጠባቂዎች ጩኸት ከማሳው እስከ አስፋልቱ ሲሰማ፣ ከኢብሬ ደብዳቤ መጣ። ወሩ ሳያልቅ በጀልባ ወደ የመን እሻገራለሁ፣ ከዚያ ሳዑዲ እገባለሁ፣ አታስቡ ይላል። እናቴ ደብዳቤውን ሁለቴ አስነበበችኝ። ከዚያ፣ ሄደህ አምጣልኝ፣ ዓይኑን ሳላየው አልሂድ አለች። ሳልነግራት ሁሉንም ታውቅ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ልነሳ ስል አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። «መንገድ ላይ ለማንም እንዳትናገር። መታመሜን ለራሱ ጆሮ ንገረው» አለችኝ። በእኛ አገር ክፉ ወሬ በመንገድ አይሰጥም። ሰው ሲሞት እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ይረዳል እንጂ ማንም አላፊ አግዳሚ አፉን ከፍቶ አያወራውም። ሕመምም እንደዚያው ነው፤ ታመመች ተብሎ የተላከ ወሬ በሦስት ሰው አፍ ካለፈ ሞተች ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ ትእዛዟ አልከበደኝም። ማንም የከሚሴ ልጅ ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር ነው።

የወሰደኝ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሸዋ መጥቶ ከሚሴ ላይ የከረመ፣ ለአረፋ ከቤታችን የማይጠፋ፣ ለፋሲካ እኛን ትቶ የማይበላ ሰው። በእሱ ቤት ለፋሲካ የሚቆረጥልንን ዳቦ ከእሱ ልጆች እኩል ነበር የምንጠብቀው። እናቴን፣ «ልጅሽን በእጄ ወስጄ በእጄ አስረክብሻለሁ» አላት። ዘይነብ በቅቤ የታሸ ጭብጦና ቆሎ ቋጠረችልኝ። ከኮምቦልቻ ተነስተን ወደ ባቲ ስንወርድ ጠዋት ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይ ብርዱ ጋቢ አስለብሶኝ፣ ባቲ ስንደርስ ሙቀቱ ሸሚዜን አስወለቀኝ።

እስከ ባቲ አውቀዋለሁ። ሰኞ ገበያ አባቴ ወስዶኝ ያውቃል። ከባቲ በታች ያለው ግን ለእኔ ካርታ ላይ ያለ አገር ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እናቴ አልጋ ላይ ተኝታ እኔ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ ሁሉንም አየሁ። ተራራው እያነሰ፣ አፈሩ እየነጣ፣ ዛፉ እያጠረ ሄዶ ግራር ብቻ ቀረ። ግመሎች ግራሩን ከላይ እየለቀሙ ይበላሉ፤ ከሥር ፍየሎች የቀረውን ይለቅማሉ። ሚሌ ላይ ሻይ ጠጣን፤ ስኳሩ ከሻዩ ይበልጣል። አዋሽን ስንሻገር ግራና ቀኙ የጥጥ እርሻ ስለነበር ለትንሽ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ አረንጓዴ የሚባል ነገር አለቀ። ከሎጊያ በኋላ ምድሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ የበተነው ጥቁር ድንጋይ። ነፋሱ በመስኮት ሲገባ የዳቦ ምድጃ አፍ ላይ የቆሙ ያህል ይጋረፋል። ጋሽ ታደሰ ግን ያፏጫል። ይህን መንገድ ከሚስቱ የበለጠ እንደሚያውቀው ይናገር ነበር፤ ሚስቱ በሌለችበት።

ሰርዶን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ጋሽ ታደሰ ወርዶ አየና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ወደ ሎጊያ በሚመለስ መኪና መለዋወጫ እንዲላክለት መልእክት ሰደደ፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይመጣል አለኝ። እኔ ብዙም አልተጨነቅሁም። ወሩ ሊያልቅ ገና ስምንት ቀን ነበረው፤ ደብዳቤው የሚለው ወሩ ሳያልቅ ነው፣ እኔ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ብዬ ተረዳሁት። ከመንገዱ ወረድ ብሎ ሰፋ ያለ ግራር ነበር፤ እሱ ሥር አረፍን። ከፊታችን ቁልቁል ነጭ ሜዳ ይታያል፣ ጨው ነው፤ በቀትር ውሃ ይመስላል፣ ማታ ማታ ሐምራዊ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር ሰው በሌለበት ምን ይሠራል እያልኩ አስብ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሁመድ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው አፋር ነው፤ ሽርጥ ታጥቋል፣ ወገቡ ላይ ጊሌ የሚሉት ጩቤ አለ፣ በዘንባባ ቅጠል በተሠራ ዕቃ የግመል ወተት ይዟል። ወደ አሰብ የሚሄድ መኪና ሊጠብቅ ነው የመጣው። ወተቱን ያለምንም ቃል ለእኛ ሰጠን። ጭስ ጭስ ይል ነበር፤ እስከዛሬ ከጠጣሁት ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል። ከዚያ ሌላ አፋር ፍየል እየነዳ መጣ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዱ የሌላውን እጅ ሳመና ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። አንዱ ሲናገር ሌላው እህ፣ እህ እያለ ብቻ ይሰማል። ሲጨርስ ተራው የሌላው ነው። ቀልድ የለ፣ ሳቅ የለ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ዳጉ ነው አለኝ ጋሽ ታደሰ። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፤ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፣ የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ከቴሌ ይፈጥናል አለኝ እየሳቀ፤ እሱ አሰብ ሳይደርስ ስንት ኩንታል እንደጫነ ወደቡ ላይ ይታወቃል።

ፍየል ነጂው ሲሄድ ሁመድ ወደ እኔ ዞረ። ባቲ ገበያ የሚወጣ ሰው ስለሆነ የእኛን ቋንቋ ይችላል፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም አለው። ከየት ነህ አለኝ፣ ከከሚሴ አልኩት። ወዴት፣ ወደ አሰብ፣ ወንድሜ ጋ። ስሙ? ኢብራሂም፣ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዳል። ይህን በአማርኛ ነበር ያወራነው። ከከሚሴ መሆኔን ሲሰማ ግን ለእኔ ክብር ብሎ በኦሮምኛ ቀጠለ።

«ማኒ ነጋ?» አለኝ። ቤቱ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው።

«ነጋ» አልኩት።

«ሃቲ ኬ ፈያ?» እናትህ ደህና ናት?

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። ፈያ።»

የታመመ የለም ወይ አለኝ። የለም አልኩት። የሞተ የለም ወይ፤ የለም። ሁሉም ነጋ፣ ሁሉም ፈያ። ቃላቱን ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ሺህ ጊዜ በየደጁ ያልኳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ቤቱ ሲቃጠል ትቶት የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ ነጋ ይላል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ቤቴ ተቃጠለ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ሁመድ ጥያቄ ጠየቀ፤ እኔ ሰላምታ መለስኩ። በአማርኛ ጠይቆኝ ቢሆን ምናልባት እጠነቀቅ ነበር፤ ቢያንስ ዝም እል ነበር። በራሴ ቋንቋ፣ በገዛ እናቴ አፍ ሲጠይቀኝ ግን የሚወጣው መልስ አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰም አጠገቤ ተቀምጦ ሰምቷል፤ ልክ አደረግህ የሚል ፊት ነበረው። ሁመድ እህ፣ እህ እያለ ሰምቶ ጨረሰ። ጥቂት ቆይቶ የእህል መኪና መጣ፤ ጭነቱ አናት ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ሄደ።

አብሬው ልሂድ ብዬ ጋሽ ታደሰን ጠይቄው ነበር። በእጄ ነው የተቀበልኩህ፣ ከጭነት ላይ ወድቀህ ለእናትህ ምን እላታለሁ ብሎ ከለከለኝ። ብዙም አልለመንኩትም። አናቱ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ሳይ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ስለከለከለኝ በልቤ አመሰገንኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

መለዋወጫው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ተሠርቶ ስንነሳ ኤሊ ዳር ላይ ለሻይ ቆምን፤ ሻይ ሻጩ አየት አደረገኝና፣ አንተ የኢብራሂም ወንድም ነህ፣ መኪናችሁ ሰርዶ ላይ ቆሞ ነበር፣ ቤታችሁ ሰላም ነው፣ እናትህም ደህና ናት አለኝ። በዚያ በረሃ መካከል የማላውቀው ሰው ማንነቴን አውቆ ሲያወራ ደረቴ ተነፋ። ጋሽ ታደሰም ይኸውልህ ያልኩህ ብሎ ጉልበቴን መታኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ እየሄደ መሆኑን አየሁ፤ ምን ይዞ እንደሄደ ግን አላሰብኩም። ዛሬ ያን ሳቅ ሳስታውስ ራሴን አላውቀውም።

ባሕሩን ያየሁት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ጥቁር ኮረብታ ዞርንና ጋሽ ታደሰ መኪናውን አቆመልኝ። ሰማዩ እታች ድረስ የወረደ መሰለኝ። ቀለሙን ልናገር ብል አልችልም፤ ዳሩ ላይ የጠላ ብርጭቆ አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል ሰማያዊ፣ ከዚያ ባሻገር ጥቁር ሊሆን የተቃረበ። ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ ተቀምጠው ይወዛወዛሉ። ትናንሽ ደሴቶች አሉ፣ ሰው የሌለባቸው። ነፋሱ ጨው ጨው ይላል፣ ከንፈሬን ስልሰው እውነትም ጨው ነው። ኢብሬ በየደብዳቤው መጥተህ ይህን ባሕር ማየት አለብህ እያለ የሚጽፍልኝ ትዝ አለኝ። አብረን እናየዋለን ብዬ ዓይኔን ለመመለስ ሞከርኩ።

ኢብሬ የሚያርፈው እቴ ከድጃ ቤት ነበር። የባቲ ሴት ናት፤ ለወደብ ሠራተኞች ምግብ ትሸጣለች፣ ጓሮዋ ያሉትን ክፍሎች ታከራያለች። ስገባ ዓሣ ከሁለት ሰንጥቃ ምድጃ ውስጥ እያስገባች ነበር። ፊቴን አይታ ማን እንደሆንኩ አወቀች፤ ኢብሬን እመስላለሁ። እጇን በሽርጧ ጠረገች። የት ነው አልኳት። ትናንት ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሄደ አለችኝ። ጀልባው አሥራ ሰባት ሰው ጭኖ ሄዷል። ወሩ መች አለቀና አልኳት፤ እንዴት እንደዚያ እንደተከራከርኳት እንጃ፣ እሷ የላከችው ይመስል።

ከዚያ አስቀምጣ ውሃ አጠጣችኝና ነገረችኝ። «ከከሚሴ የመጣ አንድ ሹፌር፣ እናትህ ትንሽ ደከም ብሏታል ብሎት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ እንቅልፍ የለው። ተራው ደርሶ አንድ ጀልባ አሳለፈ፤ እናቴ ታማ ከሆነ አልሻገርም፣ እመለሳለሁ ይል ነበር። ሻንጣውን ሁሉ ወደ አገር ለመመለስ ነበር ያሰረው። በኋላ አፋሩ መጣ። ወንድምህ መንገድ ላይ ነው፣ መኪናቸው ተበላሽቷል፣ እናትህ ደህና ናት፣ በቤቱ የታመመ የለም ብሎ ነገረው። እሱ ሲነግረው እዚህ ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ልጁ ለምስጋና ሱጁድ ወረደ። ያን ሌሊት ጠበቀህ፤ አልመጣህም። በማግስቱ ጀልባው ሲነሳ ልቡ አርፎ ሄደ።»

እቴ ከድጃ፣ እናትህ ግን እንዴት ናት ብላ አልጠየቀችኝም። ፊቴ ላይ አይታው ይሆናል። ዓሣው ምድጃ ውስጥ አርሮ ሸተተ፤ ሁለታችንም አልተነሳንም።

ጋሽ ታደሰ ጭነት እስኪጭን ሁለት ቀን ቆየን። በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው ባሕሩን ዳር ዳሩን የዞርኩት። መጀመሪያ ጀልባ ያላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ለመንኳቸው፤ ተከትሎ የሚደርስበት ካለ፣ ቢያንስ ቃል የሚያደርስልኝ ካለ። አንዱ ሽማግሌ ጀልባ ነጂ በእጁ ወደ ውሃው አሳየኝ። ሂድና ጥራው ማለቱ አልነበረም፣ ስፋቱን እንዳይ ነው። ቀጣዩ ጀልባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው አለኝ፤ እዚያ የደረሰውን ደግሞ ማንም ቆሞ አይጠብቀውም፣ በወረደበት ይበተናል። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ነበር የምሄደው። ጨው የሚመረትባቸው ኩሬዎች ሮዝ ቀለም ነበራቸው፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ውስጣቸው ቆመዋል። የዘንባባ ደን አለ፣ ጥላው ቀዝቃዛ፤ ውሃው እስከ ሥሩ ይመጣል። አሸዋው ላይ ሸርጣኖች ወደ ጎን ይሮጣሉ። ይህን ሁሉ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር አገር አይቼ አላውቅም፤ በሕይወቴም እንደዚያ የጠላሁት አገር የለም። ያ ሁሉ ውበት ምንም አያገባውም ነበር። ወንድሜን ወስዶ ዝም ብሎ ያበራል።

መመለሻው ላይ ጋሽ ታደሰ አላፏጨም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሚሌን ስናልፍ፣ እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ፣ እኔም አለሁበት አለኝ። ልክ ነበር፤ ቢሆንም እናቱ የታመመችው የእኔ ነበረች።

እናቴ በሕይወት ጠበቀችኝ። ከበሩ ስገባ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። «አየኸው?» አለችኝ። አየሁት አልኳት። ከሳ እንዴ አለችኝ፤ ወፈረ አልኳት። ለምን አልመጣም አለችኝ። ሥራ ይዞታል፣ ለአረፋ ይመጣል አልኳት። ምን በላ፣ የት ያድራል፣ ይሰግዳል ወይ፣ ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ፈጠርኩላት። ስለ ባሕሩ ስትጠይቀኝ ብቻ ነው እውነት የተናገርኩት፤ ታዲያ እሱን አላመነችኝም፣ ውሃ እንደዚያ አይሆንም ብላ ሳቀች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ለዘይነብ እውነቱን የነገርኳት ከቀብሩ በኋላ ነው። አንድ ወር ሙሉ አላናገረችኝም፤ አልተቀየምኳትም።

ሁመድን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፣ ባቲ፣ ሰኞ ገበያ፣ ግመሎች በሚሸጡበት በኩል። እኔ ሳላየው እሱ አየኝ። ሰላም ልለው እጄን ዘረጋሁ፤ አልተቀበለኝም።

«ያን ጊዜ እናትህ ታማ ነበር?» አለኝ በአማርኛ።

«አዎ።»

«ጠይቄህ ነበር።»

ሰላምታ መስሎኝ ነው አልኩት። ይህን ስለው ምን ያህል ትንሽ ቃል እንደሆነ ተሰማኝ። ሁመድ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወሬው ውሸት መሆኑን ከሰማ በኋላ በዚያ መንገድ ተመልሶ፣ የነገራቸውን ሰዎች በሙሉ አንድ በአንድ ፈልጎ፣ ያልኳችሁ ልክ አይደለም ብሎ እንዳስተካከለ ነገረኝ። ሰርዶ ላይ አስተካክሏል፣ ኤሊ ዳር ላይ አስተካክሏል፣ አሰብ ድረስ ሄዶ እቴ ከድጃን ይቅርታ ጠይቋል። ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያልደረሰው።

«ወንድምህን በእኔ አፍ ነው የሸኘኸው» አለኝ። ከዚያ ወደ ግመሎቹ ዞረ።

ከኢብሬ ምንም አልመጣም። ጀልባዋ ደረሰች ያለ አለ፣ አልደረሰችም ያለ አለ። ከዓመታት በኋላ መንገዱም ተዘጋ፣ ወደቡም ከእኛ ራቀ። ከሳዑዲ የተመለሱ የአገሬን ልጆች ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ኤርፖርት ድረስ ሄጄ ተመላሾች ከአውቶቡስ ሲወርዱ የቆምኩበት ጊዜ አለ። አንዱ ጂዛን ላይ የከሚሴ ኢብራሂም አውቃለሁ አለኝ፤ ስጠይቀው ግን የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው። ከሚሴ ኢብራሂም አይቸግራትም። ጠብቄ ጠብቄ አይመጣም ያልኩበት ጊዜ መቼ እንደነበር በትክክል አላውቅም። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ድምፅ የለውም፤ አንድ ቀን ስትፈልገው የለም።

ዘንድሮ የዘይነብ ልጆች በእናታችን ቦታ ላይ ቤት መሥራት ፈለጉ። መብታቸው ነው፣ ቦታው ጠቧቸዋል፤ የኢብሬ ድርሻ ግን እስካሁን ሳይነካ ነበር። የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ቃዲ ጠርተው ጠየቁኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ተማሪዬ ነበሩ፤ እስካሁን መምህር ነው የሚሉኝ። ወንድምህ አለ ወይስ የለም አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለተጠየቅሁት ነገር እውነቱን መመለሴ ነበር። ቃዲው ግን አላውቅም የሚባል ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም አሉ። የጠፋ ሰው ዘመኑ ሲያልፍ እንደ ሞተ ይቆጠራል፣ ለዚያ ግን መጨረሻ የፈለገው ሰው ቃል ያስፈልጋል፣ መጨረሻ የፈለግኸው አንተ ነህ አሉኝ። ዘይነብ ጎኔ ተቀምጣለች፤ አላየችኝም። ሞቷል አልኩና ፈረምኩ።

በዚያው ሳምንት ከጁምዓ በኋላ፣ አስከሬኑ ለሌለ ሟች የሚሰገደው ሶላት ተሰገደ። ኢማሙ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠሩ፤ ከሚሴ ላይ ስሙ ጮክ ተብሎ ከተጠራ ስንት ዘመኑ ነው። ሰልፉ ብዙ ነበር፣ አብዛኛው እሱ ሲሄድ ያልተወለደ። የሬሳ ሶላት የሚጎነበስበት ሩኩዕ የለው፣ ግንባር መሬት የሚነካበት ሱጁድ የለው፤ ቆመህ አራት ጊዜ አላሁ አክበር የምትልበት ተክቢራ ነው፣ ቀላል ነው። በልብ መነየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ለዚህ ለሞተው ሰው እሰግዳለሁ ማለት። መጀመሪያው ተክቢራ ተባለ፣ እጄን አነሳሁ፣ ደረቴ ላይ አሰርኩት። የልቤ ኒያ ግን አልመጣልኝም። ሁለተኛው ተባለ፣ ሦስተኛው ተባለ፤ ልቤን እየገፋሁ ሞከርኩ፣ ወይ ለሞተው በል፣ ወይ ላለው በል፣ አንዱን በል። አራተኛው ተባለና ኢማሙ አሰላምተው ሶላቱን ዘጉ፤ ሰዉ እጄን እየጨበጠ አላህ ይማረው እያለኝ ሄደ። አሜን እያልኩ ሁሉንም ሸኘኋቸው። ወንድሜ ላይ ግን አልሰገድኩም።